ኮርቻው ነው የተለወጠው

የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ይደውላል። የሚደውለው እሱ ዘንድ መሽቶ እኛ ዘንድ ሲነጋ ነው፤ ገና ቡና ሳልቀምስ። ብዙ ጊዜ ወሬው የታወቀ ነው። እናቱ እንዴት ናት፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ሽንኩርት ስንት ገባ። ባለፈው ጊዜ ግን ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለኝ።

ደነገጥኩ። ሰው ከአሜሪካ ደውሎ «ላማክርዎት» ካለ ወይ ሚስት ነው፣ ወይ ፍርድ ቤት ነው፣ ወይ ሆስፒታል።

«መኪና ልገዛ ነው። ስፖርት መኪና… ሙስታንግ። አዲሱን ቅርጽ። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት። የዋጥኩበትን ምክንያት ለማስረዳት ልጁን ላስተዋውቃችሁ። የተወለደው አሊዩ አምባ ነው። አንኮበር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ደጋው አልቆ የይፋት ቆላ ሊጀምር ሲል ወገቡ ላይ ያለች ከተማ ናት። አሜሪካ ከገባ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙን የሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው። ሥራው የሰው መኪና ተቀብሎ ማቆም፣ ባለቤቱ ሲመጣ አውጥቶ መስጠት። በዚያ ከተማ ይህን ሥራ የሚሠሩ አበሾች ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ያልነዳሁት የመኪና ዓይነት የለም፤ ከመቶ ሜትር በላይ የነዳሁት ግን የለም» ብሎኝ ነበር። እሱ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ዘመድ አዝማድ ተማክሮበት ኖሯል። አንደኛው አጎቱ፣ «መኪና ከተባለ ሲኖትራክ ነው፤ ይሠራል፣ ያመጣል» ብሏል። ሌላው፣ «ሸዋ ሮቢት ላይ ቦታ ይግዛ እንጂ ቆርቆሮ ምን ያደርግለታል?» ብሏል። በዚያ ገንዘብ ስንት ባጃጅ እንደሚገዛ ጣቱን እየቆጠረ ያሰላም አለ። እናቱ፣ ማለት እህቴ፣ «ሚስት ሳያገባ?» ብላ ዝም አለች። ከሁሉ የገረመኝ ግን የአክስቱ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። «ቀዩን! ቀዩን ይግዛና ፎቶ ይላክልን!»

«ወደዚህ ያስገባው» ያለም አልጠፋ። ይህኛውን በቶሎ እንዝጋው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ተብሏል። ቢገባስ? የዚህ መኪና ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። የአንኮበርን ቁልቁለት የሚያውቅ የቀረውን ራሱ ይጨርሰው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ መንገድ ሰው በሰላም ወጥቶ መግባቱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ በገባበት ወቅት፣ ስለ ስፖርት መኪና ማውራትም ነውር ነውር ይሸታል።

እንግዲህ መኪናው እዚያው አሜሪካ የሚገዛ፣ እዚያው የሚነዳ ነው። ታዲያ አሊዩ አምባን ምን አገባት? የዛሬው ጽሑፌ በሙሉ ስለዚህች ጥያቄ ነው።

አሊዩ አምባ ለአዲስ ነገር እንግዳ አይደለችም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሸዋ ዋና ዋና የንግድ በሮች አንዷ ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የተነሣ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጨውና ጨርቁን ይዞ የሚደርሰው ወደ እሷ ነው፤ የዓርብ ገበያዋ የታወቀ ነበር። (አጠገቧ አብዱል ረሱል ላይ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። ይህን ሳይጠሩ ስለዚያ ዘመን ደኅንነት ብቻ ማውራት ደግ አይደለም።) እንግሊዛዊው ካፒቴን ሀሪስ በ1833 ዓ.ም. ክረምት ወደ ንጉሡ ሲመጣ የወጣው በዚሁ በኩል ነው። ጠመንጃ፣ መድፍ፣ ሻል፣ የሚዘምር ሰዓት ሳይቀር ይዞ መጥቷል። ስለዚህ «ብልጭልጭ መውደድ ከአሜሪካ የመጣ በሽታ ነው» የሚለኝ ካለ፣ እኛ አገር በሽታው የቆየ ነው፤ በራሱም በቅሎ ተጭኖ ነው የገባው።

ግን ያው ገበያ ሌላም ነገር አስተምሯል። ግመል ቆላውን ይዘልቅና ገደሉ ሥር ይቀራል። ከዚያ በላይ ያለው የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ስለሚጋለብ ነገር ሲያወራ ዝም ብሎ አያወራም። አያቴ በቅሎ ሲገዙ ትዝ ይለኛል፤ ልጅ ነበርኩ። ሻጩ በቅሎዋን በግላስ፣ በመርገፍ፣ በሚያብለጨልጭ ልጓም አስጊጦ ያመጣታል። ሰው ሁሉ ያደንቃል። አያቴ የመጀመሪያ ቃላቸው አንድ ነው።

«ኮርቻዋን አውርድልኝ።»

ኮርቻ ገጣባ ይሸፍናላ! ኮርቻው ሲወርድ ጀርባዋን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ጥርሷን ያያሉ፤ ኮቴዋን ያነሳሉ። ከዚያ ያለ ጌጥ ይወጡባትና ቁልቁለቱን አውርደው ዳገቱን ይመልሷታል። ሰጋር መሆኗን ወገባቸው ከነገራቸው በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚነጋገሩት። ኮርቻውን ሻጩ ቢመርቅላቸው «እሰይ»፤ ባይመርቅላቸውም ጉዳያቸው አይደለም።

እስቲ እኛም የሙስታንጉን ኮርቻ እናውርደው።

ሙስታንግ ማለት በአሜሪካ ሜዳ የሚሮጥ የዱር ፈረስ ነው። ፎርድ ይህን ስም የሰጠውን መኪና ለሕዝብ ያሳየው ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ፣ በዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን ነው። ዋጋው ከ2,368 ዶላር ይጀምር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠ። ሰው አበደ። ታዲያ ከዚያ ቆንጆ አካል በታች ምን ነበር? ፋልኮን የተባለች፣ ፎርድ ራሱ ይሠራት የነበረች ርካሽ የቤተሰብ መኪና! አጥንቷ፣ ብዙው የውስጥ ዕቃዋ የፋልኮን ነበር። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች አይደል የሚባለው። ሙስታንግም «አባትሽ ማን ነው?» ስትባል ኮፈኗ ፊት ያለውን የሚጋልብ ፈረስ አሳየች።

ይህን የምለው ለማናናቅ አይደለም። እንዲያውም የንግድ ሥራ ሊቅነት ነው። ግን የዘር ሐረጉ ይታወቅ።

አሁን ልጁ የሚለው ሰባተኛው ቅርጽ ነው። መስከረም 2015 ዓ.ም. ዲትሮይት ላይ ታየ፤ በዓመቱ ገደማ ገበያ ገባ። ምን ተለወጠ? የፊት መብራቱ፣ የጎኑ መስመር፣ የኋላው። ድሮ ባለ ሰዓት የነበረው ዳሽቦርድ ሁለት ሰፋፊ ስክሪን ሆነ። የሚወራለት ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ግን ያው 5 ሊትር ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ 460 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ አዲሱ 480 ሆነ። ሃያ ፈረስ ተጨመረ ማለት ነው። ሃያ ፈረስ ለአሊዩ አምባ ገበያ ብዙ ነው፤ 460 በነበረበት ላይ ግን ወገብ አይለየውም።

ዕድሜዬን ያቃጠልኩት ለተማሪ «ቅርጽና ይዘት» እያልኩ ነው። በፈተና ላይ «ቅርጽና ይዘት አይነጣጠሉም» ብለው ሲጽፉልኝ ማርክ እሰጥ ነበር፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላላ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በግጥም እውነት ነው፤ በገበያ ግን ሲነጣጠሉ ነው ትርፍ የሚገኘው። ይዘቱን እንዳለ ይተውና ቅርጹን በየጥቂት ዓመቱ ይለውጡታል፤ ያኔ ትናንት የገዛኸው ምንም ሳይሆን ያረጃል። ሞተሩ አላረጀም፣ ካምቢዮው አላረጀም። ያረጀው የጎረቤት ዓይን ነው።

ከሁሉ የደነቀኝን ደግሞ ልንገራችሁ። አዲሱ ሙስታንግ ላይ፣ በቁልፉ ላይ ያለውን በመጫን፣ መኪናው ውስጥ ሳትገባ ከውጭ ቆመህ ሞተሩን ማስጮህ ትችላለህ። ሰው አልተቀመጠበትም፤ የትም አይሄድም፤ ያገሳል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ በደስታ ነው። «ቡና ቤት በር ላይ አቁሜ፣ ጋሼ…» አለና ሳቀ። አስቡት እንግዲህ። መኪና ሰው ሳይጭን፣ መንገድ ሳይሄድ፣ ላላፊ አግዳሚው ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ተሠራ! አያቴ ቢሰሙ፣ «ባለቤቷ ሳይወጣባት የምታናፋ በቅሎ» ይሉና ሁለተኛ ዞር ብለው አያዩዋትም ነበር።

ፍጥነቱስ? በቨርጂኒያ ከፍተኛው የተፈቀደ ፍጥነት በሰዓት 70 ማይል ነው፤ 112 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው የሚከሰሰው በግዴለሽ አነዳድ ነው፤ ይህም እንደ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይታይም፤ ወንጀል ነው። እስከ አሥራ ሁለት ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ አለው። ለወረቀት ሰው ደግሞ የወንጀል መዝገብ ምን እንደሆነ አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቼ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ስለዚህ 480 ፈረስ ገዝተህ አብዛኞቹን ጋጣ አስረህ ቀለብ ትሰፍርላቸዋለህ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ያነበበ፣ «ሰውዬው አትግዛ ሊል ነው» ብሎ ደምድሟል። ቆይ።

በ1998 ዓ.ም. እኔም መኪና ገዝቼ ነበር። ያረጀች የቤት መኪና። እቁብ ወጣልኝ፤ አልበቃ አለኝና ከወዳጅም፣ ከባለ ሱቅም ተበደርኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ያኔ እኔን ነው። ከቤቴ እስከማስተምርበት በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ታዲያ ለምን ገዛህ ብትሉኝ፣ አብረውኝ የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎች ስለገዙ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

በዚያው ዓመት አጎቴ አሊዩ አምባ ላይ ሞቱ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መርዶው ማታ ደረሰኝ። ሌሊት በሚነሳ መኪና ደብረ ብርሃን ደርሼ፣ ከዚያም በተገኘው ተሳፍሬ በሰዓቱ መድረስ እችል ነበር። ግን መኪና አለኛ! አገሬ በመኪናዬ መግባት አለብኝ። አንኮበርን አልፌ ቁልቁለቱን እንደያዝኩ ድንጋይ ኮፓዋን በሳው። ዘይቱ ፈሰሰ። እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ቆምኩ። መኪናዋን ጥዬ እንዳልሄድ ብድሩ አላለቀም፤ እንዳልቆይ አጎቴ ሊቀበሩ ነው። የማደርገው ጠፍቶኝ ስዞራት ሁለት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ አንድ መንገደኛ በቅሎውን ሰጠኝ። ስደርስ አፈሩ ተመልሷል።

ለቀስተኛው ደረቴን ስደቃ አየኝ፤ አዘነልኝ። እንባዬ ሳይደርቅ ግን አንድ ትልቅ ሰው ቀረብ ብለው በጆሮዬ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«መኪና ገዛህ ሲሉ ሰምተን ነበር… የት አለች?»

በሰውዬው አልፈርድም። እኔ ራሴ የገዛኋት እንዲህ ተብሎ እንዲጠየቅላት ነው።

አሁን ወደ ጥሉ ልምጣ። የእኔ ጥል ከልጁ ጋር አይደለም፤ ከፎርድ ጋርም አይደለም። ፎርድ ነጋዴ ነው፤ ሥራው መሸጥ ነው። ጥሌ ከእኛ ጋር ነው። ሰው ከውጭ ሲመጣ «እንዴት ሰነበትህ?» ሳንል «ምን ይዞ መጣ?» ከምንል ከእኛ ጋር። ሰርግ ቤት በር ላይ ቆመን ስንት መኪና ሙሽራውን እንዳጀበ ከምንቆጥር፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር በመኪና የመጣውን ከፊት፣ በእግሩ የመጣውን ከኋላ ከምናስቀምጥ ከእኛ ጋር። ይህ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ከመሬት በታች ጭስ ሲምግ ማንኛችን ነን «ፀሐይ ታያለህ ወይ?» ያልነው? እኔም ብሆን አላልኩም። ምን እንደሚነዳ ግን አሥር ጊዜ ጠይቀነዋል። አንድ ጊዜ ያረጀች መኪና ደገፍ ብሎ የተነሳውን ፎቶ ሲልክ፣ «አሜሪካ ተኖሮ ይህቺ?» ያለ ዘመድ እንዳለ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እነዚሁ ሰዎች ናቸው አሁን «ለቆርቆሮ ይሄን ሁሉ ገንዘብ!» የሚሉት። ይሉኝታችን ሁለት ስለት አለው። ካልገዛ «ምን ሠራ?»፤ ከገዛ «ቀበጠ»። ሲኖትራክ ይግዛ የሚለው አጎትም ለልጁ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ሲኖትራኩን ማን እንደሚያሠራው አስቦ ጨርሷል።

ቁጠባ ሰባኪዎቹንም አንድ ነገር ልበላቸው። ልጁ የእናቱን ቤት ክዳን ቀይሯል። ታናሽ እህቱን አስተምሮ አስመርቋል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳይልክ ያለፈው ወር እንደሌለ እህቴ ትመሰክራለች። «የድሃ አገር ልጅ ነህ፤ አይገባህም» ማለት ምን ማለት ነው? ድሃ አገር መወለድ የዕድሜ ልክ ቅጣት ነው እንዴ? ዘጠኝ ዓመት የሌላውን ሰው ፈረስ ከጋጣ ወደ ጋጣ ሲያዛውር የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ልጓሙን ራሱ ይዞ ሜዳ ላይ መልቀቅ ቢያምረው ምኑ ያስነውራል? የመንዳት ደስታ ደስታ ነው። አያቴም ሰጋሯ ላይ ሲወጡ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ ለማንም ሲሉ አልነበረም፤ ብቻቸውን ሲሄዱም ያው ነበር።

ስለዚህ መጠየቅ የነበረብኝ «ለምን መኪና?» ሳይሆን «ለማን?» ነበር። እሱን ደግሞ በቀጥታ ብጠይቀው ለራሴ ነው እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ እኔም በ1998 ብጠየቅ እንደዚያው እል ነበር። የአያቴ ዘዴ ትዝ አለኝ።

«ስማ» አልኩት። «ያለፈውን ቅርጽ ግዛ። ሁለት ሦስት ዓመት የተነዳውን። ሞተሩ አንድ ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል። አዲሱ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ነው አላልከኝም? ለስድስት ዓመት በብድር፣ ከነወለዱ፣ ከነኢንሹራንሱ። አሮጌውን ብትገዛ ግማሹን ዕዳ ትተርፋለህ፤ የምትነዳው ግን ያንኑ ነው።»

ዝም አለ።

«ሃሎ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«ምነው ዝም አልክ?»

«አይ… ያለፈው ቅርጽ እኮ… ሁሉም አለው» አለኝ።

ይኸውላችሁ ገጣባው። ሁሉም ያለው ነገር መነዳቱን አያቆምም፤ መታየቱን ነው የሚያቆመው። አልጮህኩበትም፤ የሚጮኸው ሰው በ1998 ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ከነበረው ሰው ይለያል ወይ? ሌላ ነገር ነገርኩት። እዚያ አገር መኪና ተከራይቶ መንዳት ቀላል ነው። «አንዱን ቅዳሜ አዲሱን ተከራይ። ማለዳ ተነስ። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ወደ አሌክሳንድሪያም እንዳትሄድ፤ አበሻ የሌለበት አቅጣጫ ያዝ። ስልክህን ዝጋ። ፎቶ እንዳታነሳ። ለማንም፣ ለእኔም ጭምር፣ እንዳትናገር። እስኪመሽ ንዳና መልስ። እሑድ ጠዋት ስትነሳ አሁንም ካማረህ ግዛው፤ የእኔ ምርቃት ይከተልህ። አዲሱንም ቢሆን።»

«ፎቶ አላነሳም?» አለኝ፤ ሌላውን ሁሉ የሰማ አይመስልም።

«አታነሳም።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። አልደወለም። በመሐሉ እህቴ ከአሊዩ አምባ ደወለች። የደወለችው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልትዘጋ ስትል ግን ያቺን ነገር አነሳቻት።

«እኔ የምለው… ያ መኪና የሚሉት ነገር፣ ስንት ሰው ይይዛል?»

«አራት» አልኳት። «ግን ከኋላ ያለው ለስም ነው፤ ትልቅ ሰው አይቀመጥበትም።»

ጥቂት ዝም አለች። ከበስተጀርባዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል።

«እኔ ብሄድስ የት ሊያስቀምጠኝ ነው?» አለችኝ።

«ከፊት፣ ከጎኑ።»

«እህ» አለች። «እንግዲያው ይግዛ።»